ልብ አንጠልጣይ ፊልምን በአንድ ገጽ ማቀድ፦ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ መንገዶች የሚዘጋጅ የፖስተር ንድፍ

«ትሪለር» ለሚባለው የፊልም ዘውግ አማርኛ የሰጠው ስም «ልብ አንጠልጣይ» ነው። ስያሜው ከውጭው ቃል ይልቅ ለንድፍ ባለሙያ ብዙ ይነግረዋል። ማንጠልጠል የሚንጠለጠል ነገርንና የሚይዘውን ክር ይጠይቃል፤ ክሩ ከላላ ነገሩ መሬት ይነካል፣ ከተበጠሰ ይወድቃል። በዚህ ዘውግ ክሩ ተመልካቹ ገና እንዲያውቀው ያልተፈቀደለት መረጃ ነው። ፖስተር ደግሞ በባሕርዩ ማስታወቂያ ነውና ማሳወቅ ይጠበቅበታል። የፊልሙን ስም፣ ዘውጉን፣ የሚታይበትን ቦታና ቀን ሳያሳውቅ የተሰቀለ ፖስተር ሥራውን አልሠራም፤ ገዳዩን ያሳወቀ ፖስተር ደግሞ ፊልሙን ራሱን ገድሎታል።

ይህ ጽሑፍ ቅራኔው በዕቅድ ደረጃ እንዴት ሊፈታ እንደሚችል ይመረምራል። መከራከሪያው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የልብ አንጠልጣይ ፊልም ፖስተር ዕቅድ ከምስል መረጣ ሳይሆን ምን ይደበቅ ከሚለው ውሳኔ መጀመር አለበት። ሁለተኛ፣ በአማርኛ ፖስተር ላይ ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በምስሉ ሳይሆን በፊደሉ ነው፤ በተለይም ፖስተሩ የሚነበበው በሁለት የጽሕፈት ሥርዓቶች መካከልና ከሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ውስጥ ሲሆን። አዲስ አበባን ከሚከብቡት ከተሞች ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለማሳያነት የተመረጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ ከአየር ጤናና ከዓለም ገና ቀጥላ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ ከአስኮ ቀጥላ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ የእንጦጦን ዳገት ከተሻገሩ በኋላ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ሲሆን፣ ጠዋት ወደ ዋና ከተማዋ ገብቶ ማታ የሚመለሰው ሕዝባቸው የመንገድ ማስታወቂያን በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚያልፍ አንባቢ ነው። አንድ ፖስተር በአንድ ሳምንት አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ በዚያው ሰው ዓይን ሥር ሊያልፍ ይችላል። ይህ ለኮሜዲ ፊልም ዕድል፣ ምሥጢሩን ለሚጠብቅ ፊልም ግን ፈተና ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ያልተገለጠው በአምስተኛው ቀን ይገለጣልና።

የፊት ድርድር ልማድ

በአማርኛ ፊልሞች ፖስተር ላይ እጅግ የተለመደው ቅንብር የተዋንያን ፊት ድርድር ነው። መሪ ተዋናይቱና መሪ ተዋናዩ በትልቁ ከላይ ይቀመጣሉ፤ ረዳት ተዋንያን በመጠን እያነሱ ከሥር ይደረደራሉ፤ ከግርጌ የከተማ ወይም የተራራ ገጽታ ይዘረጋል። ልማዱን ማናናቅ ተገቢ አይደለም። ተመልካቹ ፊልምን በተዋናይ ስም የሚመርጥበት ገበያ ውስጥ ፊት ዋስትና ነው፤ የፕሮዲዩሰሩ ገንዘብም የተመለሰው በዚሁ ዋስትና ነው። የፍቅርና የኮሜዲ ፊልም ደግሞ ከፊት ሌላ የሚሸጠው ብዙ ነገር የለውም።

ለልብ አንጠልጣይ ፊልም ግን የፊት ድርድር ራሱ መረጃ አሾላኪ ነው። የፊቱ መጠን ማን እስከ መጨረሻው እንደሚኖር ይናገራል። ፊቱን አኮሳትሮ ወደ ጎን የሚመለከተው ሰው፣ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሊደብቀው የሚደክምለት ሰው ነው። ተመልካቹ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ተጠርጣሪውን ይዟል።

መደበቅ ሲባል ግን ሁሉን ማጥቆር ማለት አይደለም። አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1966 በመጽሐፍ በታተመው ውይይት፣ ድንጋጤንና ልብ መንጠልጠልን በአንድ ምሳሌ ለይቷቸዋል። ከጠረጴዛ ሥር የተቀበረ ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሴኮንድ ይደነግጣል። ቦምቡ መኖሩን ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ግን ካላወቁ፣ ተራ ጨዋታቸው እንኳ ለደቂቃዎች ልብ ይሰቅላል። ስለዚህ የዕቅዱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን እንደብቅ?» ብቻ ሳይሆን «ከማን?» የሚልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በሮጀር ካስቴል ሥዕል የተሠራው የ«ጆውስ» ፖስተር ከተመልካቹ ምንም አልደበቀም፤ ከታች የሚወጣውን ሻርክ የማታየው ዋናተኛዋ ብቻ ናት። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የ«ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» ፖስተር የሴት ፊት አሳይቶ አፏን በእሳት ራት ዘግቶታል፤ በእሳት ራቷ ጀርባ ላይ ያለውን የራስ ቅል ቀርቦ ያየ ሰው ከሴቶች ገላ የተሠራ መሆኑን ይደርስበታል። የመጀመሪያው ፖስተር ተመልካቹን ከባለታሪኳ በላይ አዋቂ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ከባለታሪኳ በታች። ሁለቱም ይሠራሉ፤ የማይሠራው በሁለቱ መካከል ሳይወስን የቀረው ነው።

ከአገር ውስጥ የፊልም ታሪክም ለዚህ የሚጠቅም አለ። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ልብ አንጠልጣይ ባይሆንም የርእሱ አሠራር የዘውጉ ነው። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ከሚታሰሩበት ጥንታዊ የፍትሕ ልማድ ይነሣል፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ለነዳፊው የሚሰጠው ምስል ዝግጁ ነው። በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ ሁለት እጆች ማን ከሳሽ ማን ተከሳሽ እንደሆነ አይናገሩም፤ ግን ማንም አይቶ ሳይጠይቅ አያልፋቸውም። አንድ ዕቃ ከአሥር ፊት የበለጠ ሊደብቅም ሊጠይቅም እንደሚችል ማሳያ ነው።

የማሳያ ፊልም፦ «ጥላ»

ዕቅዱን በተግባር ለመከታተል፣ ለዚህ ጽሑፍ ብቻ የታሰበና «ጥላ» የሚል ጊዜያዊ ርእስ ያለው ፊልም ይወሰድ። አንድ ሚኒባስ በምሽት ከአዲሱ ገበያ 12 ተሳፋሪ ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ይወጣል። ረዳቱ የ12 ሰው ሒሳብ ሰብስቧል። መንገዱ ጉም ለብሷል። ሱሉልታ ሲደርሱ የሚወርዱት 11 ናቸው። በር ሲከፈት ያየ የለም።

ከዚህ ታሪክ ቢያንስ አራት የምስል አማራጭ ይወጣል። የሹፌሩ ፊት ጥርጣሬን ሁሉ ወደ እርሱ ይስባል፤ ጥፋተኛው እርሱ ከሆነ ፖስተሩ ተናገረ፣ ካልሆነ ዋሸ። የጠፋችው ተሳፋሪ ፊት ሰለባዋን ያሳውቃል፤ ፊልሙንም ከምርመራ ወደ ሐዘን ይወስደዋል። በረዳቱ ጣቶች መካከል የተጣጠፈው የ12 ሰው ብር ብልህ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹን ሒሳብ ያስቆጥራል፤ በሩጫ ላይ ያለ ዓይን ደግሞ አይቆጥርም። አራተኛው ከኋላ የሚታዩ የተሳፋሪዎች ጭንቅላቶችና በመካከላቸው ያለ አንድ ባዶ መቀመጫ ነው።

የሚመረጠው አራተኛው ነው። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚመለከቱ ፊታቸው ያለ ማታለል ይደበቃል፤ ማንም በግድ አልተሸፈነም። ባዶው ቦታ በቅንብሩ ውስጥ የትኩረት ነጥብ ይሆናል፤ ዓይን ከተደረደረ ነገር መካከል የጎደለውን ፈጥኖ ይለያልና። ከሁሉም በላይ ግን ምስሉ ከመመልከቻው ቦታ ጋር ይገጥማል። የሱሉልታን መንገድ ይዞ የሚሄድ ተመልካች ፖስተሩን የሚያየው በሚኒባስ መስኮት በኩል፣ በተመሳሳይ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ነው። አጠገቡ ያለውን መቀመጫ ዘወር ብሎ ካየ፣ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሳይገባ ተጀምሯል።

በዚህ ደረጃ ፕሮዲዩሰሩ የመሪ ተዋናዩን ፊት እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው፤ ጥያቄውም መብቱ ነው። መፍትሔው ጉም በሸፈነው የጎን መስኮት ላይ የተዋናዩን ፊት በግማሽ ማንጸባረቅ ሊሆን ይችላል፤ የሚያውቀው ይለየዋል፣ ሚናውን ግን አያውቅም። የሹፌሩን ዓይን በመስተዋት ማሳየት ግን ቢቀር ይሻላል፤ በዘውጉ ውስጥ እጅግ ከመደጋገሙ የተነሣ ምስል መሆኑ ቀርቶ መለያ ሆኗል።

ፊደሉ ሲያጋልጥ

እስከዚህ ያለው ዕቅድ በየትኛውም አገር ላለ ነዳፊ የተለመደ ነው። የአማርኛው ችግር ርእሱ ሲጻፍ ይጀምራል። በማስታወቂያ ሥራ ዘንድ የታወቀ አንድ ግምታዊ ስሌት አለ፤ ጽሑፍ ከ3 ሜትር ርቀት በምቾት እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት ወደ 2.5 ሴ.ሜ. መሆን አለበት። በዚህ ስሌት ከ30 ሜትር የሚነበብ ርእስ 25 ሴ.ሜ. ቁመት ይፈልጋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሚኒባስ በሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ተሳፋሪው ያንን ርቀት ከ3 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ስሌቱ ግን የተሠራው ለላቲን ዐቢይ ፊደል ነው። የላቲን ዐቢይ ፊደላት በአብዛኛው የሚለያዩት በጠቅላላ ቅርጻቸው ነው። የግዕዝ ፊደል በሁለት ደረጃ ይለያል፤ ቤተሰቡ በጠቅላላ ቅርጹ፣ ድምፁ ግን በአንዲት ጭረት፣ እጥፋት ወይም ቀለበት። «ሊ» እና «ሌ» የሚለዩት በቀኝ እግራቸው ሥር ባለው ምልክት ብቻ ነው፤ በአንደኛው ጭረት፣ በሌላው ቀለበት። ምልክቷ የፊደሉን ቁመት አንድ አምስተኛ ያህል ብትሆን፣ 25 ሴ.ሜ. በሆነ ፊደል ላይ 5 ሴ.ሜ. ብቻ ትሆናለች። ከሩቅ ቤተሰቡ ይታያል፤ ልጁ አይለይም።

ለ«ጥላ» ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። የ«ጥ» እጥፋት ከሩቅ ከጠፋች፣ ወይም በአቧራና በዝናብ ከደበዘዘች፣ የሚነበበው «ጠላ» ነው። ምሥጢራዊ ፊልም ሊሸጥ የተሰቀለው ጨርቅ የበዓል መጠጥ ማስታወቂያ ይሆናል፤ የቢራ ፋብሪካዋ በታወቀችው በሰበታ ደግሞ ማንም አይደነቅም። ያለ ቀልድ ሲታይ ግን ጉዳቱ ግልጽ ነው። ርእሱን በስሕተት ያነበበ ሰው ፊልሙን በስልኩ ሲፈልገው አያገኘውም።

ከዚህ የሚወጣው የዕቅድ ደንብ አጭር ነው። የርእስ ፊደል መጠን ከፊደሉ ቁመት ሳይሆን ከምልክቱ መጠን ተነሥቶ ይሰላ። ለሥራው የሚመረጠው የፊደል ቅርጽም ምልክቶቹን ያገነነ መሆን አለበት። በኮምፒውተሮች ላይ በስፋት የሚገኘው «ኒያላ» ለመጽሐፍ ገጽ የተስማማ ቢሆንም ቀጫጭን መስመሮቹ በጥቁር ዳራ ላይ በነጭ ሲታተሙ ቀለም ይውጣቸዋል። ወጥ ውፍረት ያለው እንደ «ኖቶ» ያለ ቅርጽ ለመነሻ ይሻላል፤ ከዚያም ነዳፊው የ«ጥ»ን እጥፋት በእጁ ያጎላዋል። ለሁለት ፊደል ርእስ ሙሉ የፊደል ገበታ መሥራት አያስፈልግም፤ ሁለቱን ብቻ በእጅ መሣል ይበቃል። አጭር ርእስ የግዕዝ ፊደል ትልቁ ስጦታ ነው። «ጉማ» እና «ጤዛ» እያንዳንዳቸው ሁለት ፊደል ናቸው፤ በላቲን ከአራት የማያንስ ቦታ የሚወስደው ቃል በአማርኛ በግማሽ ቦታ በእጥፍ መጠን ሊጻፍ ይችላል።

በተቃራኒው ከውጭ ፖስተሮች ሳይመረመር የተወሰደ አንድ ልማድ አለ፤ ከግርጌ የሚጻፈው ረጅም የባለሙያዎች ስም ዝርዝር። በአሜሪካ ፖስተሮች ላይ ይህ ጽሑፍ ቀጥኖና ረዝሞ የሚታየው በውበት ምክንያት አይደለም። በውል የስሞቹ መጠን ከርእሱ ፊደል መጠን ጋር ስለሚያያዝ፣ ነዳፊዎች ቁመቱን ጠብቀው ወርዱን አጠበቡት። ተመሳሳይ ውል በሌለበት ቦታ የግዕዝን ፊደል በዚያ መጠን ማጥበብ እግሮቹን ያጣብቃል፤ ምልክቶቹን ያጠፋል፤ የሰዎቹንም ስም አስነብቦ አያከብርም። ዝርዝሩን ማሳጠር ይሻላል።

የፊደሉ ጠባይ ሁሉ እንቅፋት ግን አይደለም። የግዕዝ ጽሕፈት መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» የበዓሉ ስምም «እስካሁን» የሚል ፍቺ ያለው ቃልም ነው፤ «አለ» መናገርም መኖርም ነው። «ጥላ» ራሱ የፀሐይ መከለያ፣ ሰውን ተከትሎ የሚሄድ ጥቁር ምስልና «ጥላው ሄደች» ሲባል የሚገኘው ግሥ ነው። «ጥላ ቢስ» የሚለው ስድብም ከጀርባው አለ። ከመቀመጫዋ የጠፋች ሴት ባለችበት ፊልም ላይ ይህ ሁሉ ፍቺ በሁለት ፊደል ሲንጠለጠል፣ ሌላ መሪ ሐረግ መጨመር ክሩን መበጠስ ነው።

ሁለት ጽሕፈት በአንድ ገጽ

በሦስቱ ከተሞች የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮም በይፋ የሚጻፈው በላቲን ላይ በተመሠረተው ቁቤ ነው። የሱቅና የድርጅት ሰሌዳዎች ሁለቱን ጽሕፈት ጎን ለጎን ይዘው መታየታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ መንገዶች የታሰበ ፖስተር ሁለተኛውን ርእስ መጨረሻ ላይ በተረፈ ቦታ የሚወተፍ ነገር አድርጎ ማቀድ የለበትም።

የመጀመሪያው ሥራ ትርጉም ነው፤ እዚህም «ጥላ» ወጥመድ አለው። አማርኛው በአንድ ቃል የሚጠራቸውን ሁለት ነገሮች አፋን ኦሮሞ ይለያቸዋል። «ጋዲሳ» የዛፍ ጥላ፣ ሰው የሚያርፍበት መጠለያ ነው፤ «ጋዲዱ» ደግሞ ከአካል ተከትሎ የሚወድቀው ጥቁር ምስል ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ቃል የወሰደ ነዳፊ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበትን ሰላማዊ ቦታ ከጠፋች ሴት ባዶ መቀመጫ በላይ ይጽፋል። ይህን ስሕተት የሚይዘው የቋንቋው ተናጋሪ እንጂ የንድፍ ፕሮግራም አይደለም። በሌላ በኩል «ጉማ» የሚለውን የሚሼል ፓፓታኪስ ፊልም ርእስ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ቃሉ ከደም ካሣ ልማድ ጋር የተያያዘና በሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ ያለ ትርጉም የሚታወቅ ነው። ርእስ ገና ባልጸደቀበት ደረጃ ነዳፊው ቢጠራ እንዲህ ያለውን ርእስ መደገፍ ይችል ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጠራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሥራ መጠን ነው። «ጥላ» ሁለት ፊደል ሲሆን ተገቢው የአፋን ኦሮሞ ቃል በቁቤ 10 ፊደል ይወስዳል፤ አናባቢውም ተነባቢውም ሲረዝምና ሲጠብቅ በድርብ ይጻፋልና። ሁለቱን በእኩል ወርድ ማስቀመጥ የቁቤውን ቁመት እጅግ ያሳንሰዋል፤ በእኩል ቁመት ማስቀመጥ ገጹን ይሞላል። ለዚህ ርእስ አንድ ሐሳብ ወዲያው ይመጣል፤ ሁለቱ የግዕዝ ፊደላት ቆመው፣ የቁቤው ረጅም መስመር ከእግራቸው ሥር እንደ ጥላቸው መሬት ላይ ይዘርጋ። በወረቀት ላይ እጅግ ያምራል። በቡራዩ አደባባይ ግን የሚነበበው ሌላ ነው፤ አንዱ ቋንቋ የሌላው ጥላ ሆኖ ወድቋል። ሐሳቡ መጣል አለበት፤ ውበቱ አያድነውም። የተሻለው ሁለቱን ርእሶች በሁለት የተለያዩ የገጹ ክፍሎች፣ በአንድ ዓይነት ቀለምና በአንድ ዓይነት የመስመር ውፍረት ማስቀመጥ ነው። ቁቤው ሁሉም በዐቢይ ፊደል ቢጻፍ የግዕዙን ወጥ ቁመት ይመስላል፤ ሁለቱ ተነባብረው ሳይሆን ተያይተው ይቆማሉ።

ደም፣ እሳትና ቀይ ቀለም

ለልብ አንጠልጣይ ፊልም በቀላሉ የሚገኙት ምስሎች ቢላዋ፣ የደም ጠብታና የሚነድ ሕንፃ ናቸው። ነዳፊው እነዚህን ከኢንተርኔት ሲያወርድ በቅድሚያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይመለከተዋል፤ ባለቤቱ ያልፈቀደው ምስል ለንግድ ሥራ ሊውል አይችልም። ነገር ግን ፈቃድ የተገኘበት ምስልም ቢሆን ቦታውን መጠየቅ አለበት።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ በደረሰው ጥቃት ሰዎች ተገድለዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቅለዋል። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ሁከት በሰበታ ፋብሪካዎች ተቃጥለዋል። ቢላዋ የያዘ እጅ ቡራዩ መንገድ ላይ፣ የሚነድ የፋብሪካ ጣራ ሰበታ መግቢያ ላይ ሲሰቀል የፊልም ዘውግ ምልክት መሆኑ ያበቃል፤ የአንድ ሰው ቤት ታሪክ ይሆናል። ሳንሱር ይኑር ማለት አይደለም። ፊልሙ ስለ እነዚያ ቀናት ከሆነ ይናገር፤ ካልሆነ ግን በሌላው ሰው ሐዘን ትኬት ማሻሻጥ ለሥነ ምግባርም ለንድፍም ጉድለት ነው። ለንድፍ ጉድለት የሚሆነው፣ እውነተኛ ፍርሃት ያለበት ተመልካች ዞር ስለሚል ነው። ልብ መንጠልጠል የሚቻለው ተመልካቹ ራሱ ደኅና መሆኑን ሲያውቅ ብቻ ነው። ባዶው መቀመጫ በዚህ መመዘኛም ያልፋል፤ ማንንም አያቆስልም፣ ማንንም ግን ሳይረብሽ አይተውም።

ቀይ ቀለምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሌላ አገር የአደጋ ቀለም ሲሆን እዚህ ከቀይ ሽብር ዘመን ስም ጋር ተጣብቋል፤ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀይ ስህተት» ቀለሙን በርእሱ የተሸከመው ያንን ዘመን ስለሚተርክ ነው። ዘመኑን ለማይነካ ታሪክ ሌላ ቀለም መፈለግ ይሻላል። ለ«ጥላ» የሱሉልታ ጉም ግራጫና በመኪና ውስጥ የሚበራው ደካማ ቢጫ አምፖል ይበቃሉ፤ ሶል ባስ እ.ኤ.አ. በ1958 ለ«ቨርቲጎ» ብርቱካናማ ዳራ መርጦ ጨለማ የዘውጉ ግዴታ አለመሆኑን አሳይቷል።

ኅትመትና መጠን

ጨለማ ምስል ኅትመት ላይ ይከዳል። በስክሪን ብርሃን የሚታየው የጉም ግራጫ በባነር ላይ ሲወጣ ከጥቁሩ ጋር ይዋሐዳል። ጥቁር ቀለም ብቻውን ሲታተም ደግሞ የታጠበ ይመስላል፤ ስለዚህ ሰፋፊ ጥቁር ዳራዎች ከሲያን፣ ከማጀንታና ከቢጫ ጥቂት ጥቂት ተጨምሮባቸው ይዘጋጃሉ፤ ለምሳሌ 60፣ 40፣ 40 እና ጥቁሩ 100። ትናንሽ ጽሑፎች ግን በዚህ ድብልቅ አይጻፉም፤ አራቱ ቀለማት በጥቂቱ ሲዛነፉ የፊደሉን ምልክት ይበሉታልና።

ዕቅዱ ከመጀመሪያው ሦስት መጠን መያዝ አለበት፤ የመንገድ ባነር፣ በታክሲ ተራ ግድግዳና በቪዲዮ ቤት በር ላይ የሚለጠፍ ኤ3 ወረቀት፣ እንዲሁም የስልክ ምስል። ዩቲዩብ ለቪዲዮ መግቢያ ምስል የሚመክረው 1280 በ720 ፒክስል አግድም ነው፤ ቁመቱ የሚበልጥ ፖስተር ወደዚህ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ርእሱ ነው። ባዶው መቀመጫ በአግድም ቅንብርም ይሠራል፤ እንዲያውም ረድፉ ሲረዝም ጉድለቱ ይጎላል። የመንገድ ባነሩን ለመስቀል ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይደነግጋል፤ የፈቃዱ ጊዜ በሥራ ዕቅዱ ላይ ካልተያዘ ፖስተሩ ፊልሙ ከታየ በኋላ ይሰቀላል።

ሙከራ

ረቂቁ ካለቀ በኋላ የሚደረገው ሙከራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ኤ3 ላይ የታተመው ረቂቅ ለአንድ ሰው ለ3 ሴኮንድ ይታያል፤ ከዚያ ይገለበጣል። ሦስት ጥያቄ ይቀርባል፤ የፊልሙ ስም ማን ነው? ምን ዓይነት ፊልም ይመስላል? ካዩት በኋላ ምን መጠየቅ ይፈልጋሉ? ተጠያቂዎቹ የንድፍ ተማሪዎች ባይሆኑ ይመረጣል፤ የአስኮ፣ የአየር ጤናና የአዲሱ ገበያ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚጠብቅ ሰው ጊዜም ትዕግሥትም አለው። ግማሾቹ አማርኛ፣ ግማሾቹ አፋን ኦሮሞ ቀድመው የሚያነቡ መሆን አለባቸው፤ በመካከላቸው ዓይኑ የደከመ በዕድሜ የገፋ ሰው ቢኖር ደግሞ የምልክቶቹ ጥራት በእርሱ ይፈተናል።

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሁሉ ይበልጣል። «ማን ነው የጎደለው?» ካሉ ክሩ ይዟል። «ማን ገደላት?» ካሉ ሴት መሆኗንም መሞቷንም ፖስተሩ አውጥቷል ማለት ነው፤ ከየት እንደወጣ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ምናልባት መቀመጫው ላይ የተረሳ ነጠላ አለ፣ ምናልባት ብርሃኑ የሬሳ ሣጥን ያስመስለዋል። ምንም ጥያቄ ከሌላቸው ፖስተሩ ዝም ብሏል፤ ምስሉ ይለወጥ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ከአሥር ሰው አንዱ እንኳ «ጠላ» ብሎ ከመለሰ ግን ምስሉ አይነካም፤ የ«ጥ» እጥፋት እንደገና ተሥላ፣ ሙከራው በሌላ ሰልፍ ላይ ከመጀመሪያው ይደገማል።